ስሙን የማይጽፍ ዳኛ

እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው ሲያበቁ በመካከላቸው የቀረው ልዩነት ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ አይበቃም። ሆኖም ውጤቱ «ዳኛው አዳልቶ ነው» የሚያሰኝ አልነበረም። ሰዓቱ ኢትዮጵያዊም ኬንያዊም አይደለም። ዘመድ የለውም፤ ነገ የሚመለስለት ውለታም የለውም።

እኛ ስፖርትን በአብዛኛው ያወቅነው በሩጫ ስለሆነ ሰዓት የማይፈርድበት ውድድር ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ብዙም አናስበውም። ሁለት ጥንዶች ዋልዝ ደንሰው ሲጨርሱ ማን በለጠ? ሜትር የለም፣ ሚዛን የለም፣ ጎል የለም። ያለው የሰው ዓይን ብቻ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ አገር አለው፣ ወዳጅ አለው፣ ቂም አለው፣ የሚበላው እንጀራም አለው።

ዳንስንና እህቱን፣ የበረዶ ላይ ስኬቲንግን፣ የሚዳኙ ሰዎች ይህን ችግር ለመፍታት መቶ ዓመት ገደማ ሲታገሉ ኖረዋል። አንድ ሕግ ሲያወጡ አድልዎው ልብስ ቀይሮ ይመጣል፤ ሌላ ሕግ ያወጣሉ፣ እንደገና ይቀይራል። ታሪኩ ሩቅ ቢመስልም ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለው። ከመጀመሪያው እንነሳ።

◆ ኦስሎ፣ 1927

በዚያ ዓመት የዓለም የሴቶች የፊገር ስኬቲንግ ሻምፒዮና የተካሄደው በኖርዌይ ዋና ከተማ ነበር። ኦስትሪያዊቷ ሄርማ ሳቦ ከ1922 ጀምሮ በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች፣ በ1924ም የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች ነበረች። ተፎካካሪዋ የ14 ዓመቷ ኖርዌያዊት ሶንያ ሄኒ ናት።

ዳኞቹ አምስት ናቸው። ሦስቱ ኖርዌያውያን፣ አንዱ ኦስትሪያዊ፣ አንዱ ጀርመናዊ። ሦስቱ ኖርዌያውያን ሄኒን አንደኛ አደረጉ። ኦስትሪያዊውና ጀርመናዊው ሳቦን አንደኛ አደረጉ። ሦስት ለሁለት። ሄኒ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ጩኸት ተነሳ። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረትም ከዚያ በኋላ በአንድ የዳኞች ስብስብ ውስጥ ከአንድ አገር ከአንድ ዳኛ በላይ እንዳይቀመጥ ወሰነ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሶንያ ሄኒ ተራ ስኬተር አልነበረችም። ከዚያ ዓመት ጀምራ በተከታታይ አሥር ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ማንም ያልረዳት ታላቅ ለመሆን የምትችል ልጅ ነበረች። ያም ሆኖ የመጀመሪያ ድሏ በተነሳ ቁጥር «ሦስት ኖርዌያውያን ዳኞች» የሚለው አብሮ ይነሳል። አድልዎ የሚጎዳው የተሸነፈውን ብቻ ነው ብለን እናስባለን። አሸናፊውንም ይጎዳል። ድሉን የራሱ አድርጎ የመያዝ መብቱን ይነጥቀዋል።

◆ የዳንሰኞቹ ሒሳብ

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ የቦልሩም ዳንስ ውድድር እየተስፋፋ ነበር። የብላክፑል የዳንስ ፌስቲቫል በ1920 ተጀመረ። በ1922 በለንደን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቪክተር ሲልቬስተርና ፊሊስ ክላርክ አሸነፉ። በ1929 የዳንስ መምህራን ተሰብስበው የዋልዝ፣ የፎክስትሮት፣ የኩዊክስቴፕና የታንጎ እርምጃና ፍጥነት አንድ ወጥ እንዲሆን ተስማሙ። ዳንሱ አንድ ወጥ ከሆነ ውጤቱስ እንዴት ይሰጥ?

ቀላሉ መንገድ የዳኞችን ደረጃ መደመር ነው። ግን መደመር አደጋ አለው። አምስት ዳኞች አሉ እንበል። ሦስቱ ጥንድ «ሀ»ን አንደኛ፣ ጥንድ «ለ»ን ሁለተኛ አደረጉ። የቀሩት ሁለቱ ግን «ለ»ን ለመርዳት ፈልገው «ለ»ን አንደኛ፣ «ሀ»ን ስድስተኛ አደረጉ። ሲደመር «ሀ» 15፣ «ለ» 8 ያገኛሉ። ትንሽ ቁጥር ስለሚያሸንፍ ወርቁ የ«ለ» ሆነ። ሁለት ሰዎች ሦስቱን አሸነፉ ማለት ነው።

ስለዚህ ዳንሰኞቹ ከበረዶው ሜዳ አንድ ዘዴ ተዋሱ፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የስኬቲንግ ሥርዓት» ይባላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በፍጻሜው እያንዳንዱ ዳኛ ጥንዶቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ዳኞች አንደኛ ያደረጉት ጥንድ አንደኛ ይሆናል። አብላጫ ያገኘ ከሌለ አንደኛና ሁለተኛ ያደረጉት ዳኞች አብረው ይቆጠራሉ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከላይ ባለው ምሳሌ «ሀ» ሦስት አንደኛ ስላለው ያሸንፋል። ሁለቱ ዳኞች ስድስተኛ አሉት፣ ሃምሳኛ አሉት፣ ለውጥ የለውም።

ብልህ ዘዴ ነው። አንድ ወይም ሁለት አድሏዊ ዳኛ ሲገኝ ጉልበቱን ይሰብረዋል። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። አብላጫው ራሱ ከተስማማ ሒሳቡ ምንም አያደርግም። እንዲያውም ማኅተም ይመታለታል። ዘጠኝ ዳኞች ባሉበት ውድድር የሚፈለገው አምስተኛውን ድምፅ ማግኘት ብቻ ይሆናል። በበረዶው ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

◆ ናጋኖና ሶልት ሌክ ሲቲ

የበረዶ ላይ ዳንስ የቦልሩም ልጅ ነው። ለረጅም ዘመን ተወዳዳሪዎቹ ዋልዝ፣ ፎክስትሮትና ታንጎ በበረዶ ላይ እንዲደንሱ ይገደዱ ነበር። በ1952 በዓለም ሻምፒዮና፣ በ1976 ደግሞ በኦሎምፒክ ገባ። ዝላይና መውደቅ እምብዛም ስለሌለበት ማን እንደበለጠ በግልጽ ማሳየት አስቸጋሪ ነው። ሁሉም ነገር በዳኛው ዓይን ላይ ይወድቃል።

በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ጊዜ ካናዳዊቷ ዳኛ ጂን ሴንፍት ከዩክሬናዊው ዳኛ ዩሪ ባልኮቭ ጋር ያደረገችውን የስልክ ንግግር ቀዳች። ንግግሩ ውድድሩ ከማለቁ በፊት ጥንዶቹ የትኛውን ደረጃ እንደሚያገኙ የሚዘረዝር ነበር። ባልኮቭ ለአንድ ዓመት ታገደ። ሴንፍትም ለአገሯ አድልታለች ተብላ ለስድስት ወር ታገደች። ያጋለጠችው ሴት ከተጋለጠው ጋር አብራ ተቀጣች።

አራት ዓመት አለፈ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2002፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ የጥንዶች ፍጻሜ። ሩሲያውያኑ ኤሌና ቤሬዥናያና አንቶን ሲካሩሊድዜ ከባድ ፕሮግራም አቀረቡ፤ ሲካሩሊድዜ ግን አንድ ዝላይ ሲያርፍ ተደናቀፈ። ካናዳውያኑ ጄሚ ሳሌና ዴቪድ ፔልቲዬ ቀለል ያለ ፕሮግራም ያለ አንዳች ስህተት ጨረሱ። ውጤቱ አምስት ለአራት ሆነ። የሩሲያ፣ የቻይና፣ የፖላንድ፣ የዩክሬንና የፈረንሳይ ዳኞች ለሩሲያውያኑ፤ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጀርመንና የጃፓን ዳኞች ለካናዳውያኑ ፈረዱ።

አምስተኛዋ ድምፅ ፈረንሳዊቷ ማሪ-ሬን ለ ጉኝ ነበረች። ከውድድሩ በኋላ የአገሯ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ዲዲዬ ጋያጌ ለሩሲያውያኑ ድምፅ እንድትሰጥ ጫና እንዳደረገባት ተናገረች። በልዋጩ ፈረንሳውያኑ የበረዶ ላይ ዳንሰኞች ድጋፍ ያገኛሉ የሚል ነበር ወሬው። ኋላ ቃሏን ቀየረች፤ የሩሲያውያኑን ብልጫ አምኜበት ነው የፈረድኩት አለች። ጋያጌም ካደ። ሆኖም ሁለቱም ለሦስት ዓመት ታገዱ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ ሰጠ። በአንድ ውድድር ሁለት አሸናፊ ሆነ።

ሩሲያውያኑ ጥንዶች ምን አጠፉ? ምንም። ምናልባትም በፕሮግራማቸው ክብደት ማሸነፍ ይገባቸው ነበር፤ እስከ ዛሬ እንዲያ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ግን የኦስሎው ነገር ተደገመ። ወርቃቸው ከአንገታቸው ባይወርድም ከጥርጣሬ ጋር ለመኖር ተፈረደበት።

◆ መድኃኒቱ ሌላ በሽታ አመጣ

ከዚህ ውርደት በኋላ ኅብረቱ አሮጌውን የ6.0 ነጥብ አሰጣጥ ጥሎ አዲስ ሥርዓት ዘረጋ። በ2004 ጸደቀ፤ በ2006 በቶሪኖ ኦሎምፒክ ሠራ። እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት የራሱ የታወቀ ዋጋ አለው። ዳኞች የአፈጻጸሙን ጥራት ብቻ ይመዝናሉ። ከተሰጡት ነጥቦች ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣላሉ። ይህ ሁሉ ጥሩ ነበር።

አንድ ነገር ግን አብሮ ገባ። የትኛው ዳኛ የትኛውን ነጥብ እንደሰጠ እንዳይታወቅ ተደረገ። ነጥቦቹ ይታተማሉ፤ ስም ግን የለም።

ሐሳቡን የሰነዘሩትን ሰዎች ሞኞች ናቸው ማለት አይቻልም። ክርክራቸው እንዲህ ነበር፦ አንድ ፌዴሬሽን ዳኛውን «ለእገሌ ስጥ» ብሎ የሚያስገድደው፣ መስጠቱን ማረጋገጥ ሲችል ነው። ማረጋገጥ ካልቻለ ጫናው ዋጋ ያጣል፤ ዳኛውም እንደ ሕሊናው ይፈርዳል። ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥበት ምርጫ ማለት ነው። ለጆሮ ይጥማል።

በዳርትማዝ ኮሌጅ የኢኮኖሚክስ መምህር የሆነው ኤሪክ ዚትዘዊትዝ ነገሩን በቁጥር ፈተሸው። ማን ምን እንደሰጠ ባይታወቅም በወንበሩ ላይ እነማን እንደተቀመጡ ይታወቃል። ስለዚህ ከዳኞቹ መካከል የአገሩ ሰው ያለው ስኬተር ከሌለው ይልቅ ምን ያህል እንደሚጠቀም ማስላት ይቻላል። ግኝቱ ይህ ነው፦ ስም ከተደበቀ በኋላ ይህ ጥቅም አልቀነሰም፤ እንዲያውም በመጠኑ ጨመረ።

ምክንያቱን መገመት አይከብድም። የመራጭ ድምፅ ምስጢር የሚሆነው መራጩ ስለ ራሱ ስለሚወስን ነው። ዳኛ ግን የሚወስነው ስለ ሌላ ሰው ዕጣ ነው። እርስ በርስ የሚተማመኑ ሰዎች ስም ተጻፈም አልተጻፈም ቃላቸውን ይጠባበቃሉ። ስም ሲደበቅ ዓይኑ የሚታሰረው ተመልካቹ፣ ጋዜጠኛውና ተጎጂው ነው። ከዳኛው ጫንቃ ላይ የወረደው የሙስናው ሸክም አይደለም፤ የእፍረቱ ሸክም ነው።

በ2014 በሶቺ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። ሩሲያዊቷ አዴሊና ሶትኒኮቫ 224.59፣ ደቡብ ኮሪያዊቷ ዩና ኪም 219.11 አገኙ። ከፍጻሜው ዳኞች አንዱ በናጋኖው ጉዳይ ታግዶ የነበረው ዩሪ ባልኮቭ ነበር። ሌላዋ የሩሲያ ፌዴሬሽን ዋና ኃላፊ ባለቤት ነበረች። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኢንተርኔት የተቃውሞ ፊርማ አኖሩ። የደቡብ ኮሪያ አቤቱታ ግን ውድቅ ሆነ።

ሶትኒኮቫ ሰባት የሦስት ዙር ዝላይ ሠርታለች፤ ኪም ስድስት። ስለዚህ ውጤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ትክክል መሆኑን ማሳየት አለመቻሉ ነው። ስም ቢኖር ኖሮ «እነሆ፣ ባልኮቭ የሰጠው ከሌሎቹ አይለይም» ማለት ይቻል ነበር። ወይም ይለይ ነበር፤ እሱም ይታወቅ ነበር። ስሙ ሲሰወር ጥፋተኛው ብቻ ሳይሆን ንጹሑም ዳኛ መከላከያ አጣ።

በ2016 ኅብረቱ ምስጢርነቱን አነሳ። ነጥብ ከዳኛው ስም ጋር መታተም ጀመረ። ከ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ በኋላ ሁለት ቻይናውያን ዳኞች ለአገራቸው ተወዳዳሪዎች አድልተዋል ተብለው ታገዱ። ሰዎቹን የያዛቸው ከስማቸው ጎን የተጻፈው ቁጥር ነው።

◆ ማን ሾመው?

ይኸው ተመራማሪ ስኬቲንግን ከበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ጋር አነጻጽሯል። በዝላዩ ርቀት በሜትር ይለካል፤ ውበቱን ግን አምስት ዳኞች ይመዝናሉ። ስለዚህ እዚያም አድልዎ አለ፤ በሁለቱም ስፖርቶች ዳኞች ለአገራቸው ልጅ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሸርተቴ ዝላይ አንዱ ዳኛ ሲያዳላ ሌሎቹ ነጥባቸውን ዝቅ አድርገው ያካክሱታል። በስኬቲንግ ግን ዳኞች በቡድን እየተሰለፉ ድምፅ እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ምልክት ተገኘ። በሸርተቴ ዝላይ አድልዎ ያበዛ ዳኛ ወደ ኦሎምፒክ የመመረጥ ዕድሉ ይቀንሳል። በስኬቲንግ ይጨምራል።

ሰዎቹ በተፈጥሯቸው ስለሚለያዩ አይደለም። በሸርተቴ ዝላይ የኦሎምፒክ ዳኞችን የሚመርጠው ማዕከላዊ አካል ነው። በስኬቲንግ የሚመርጣቸው የየአገሩ ፌዴሬሽን ነበር። ፌዴሬሽኑ ደግሞ የሚፈልገው ሜዳሊያ ነው። ለአገሩ ያደላ ዳኛ ለፌዴሬሽኑ «ታማኝ» ነው፤ ሚዛናዊው ዳኛ ደግሞ «የማይረባ»። እንዲህ ያለ ሥርዓት አድልዎን ይቀጣል ተብሎ ሲጠበቅ በሹመት ይሸልመዋል።

◆ ማን ያበላዋል?

አሁን ወደ ቦልሩም እንመለስ፤ ሦስተኛው ጥያቄ የሚነሳው እዚያ ነውና። በቦልሩም ውድድር ስም መደበቅ የተለመደ አይደለም። ከውጤቱ በኋላ የትኛው ዳኛ ማንን ስንተኛ እንዳደረገ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይወጣል። ቅሬታው ግን አልጠፋም።

ምክንያቱ የዳንሱ ዓለም ጠባብ መሆኑ ነው። ዳኞቹ የቀድሞ ሻምፒዮኖች ናቸው። የቀድሞ ሻምፒዮን ደግሞ የሚኖረው በማስተማር ነው። ታላላቅ ጥንዶች ከአንድ መምህር ጋር ብቻ አይቀሩም፤ ከብዙ ታዋቂ መምህራን በሰዓት እየከፈሉ ይማራሉ። እንግዲህ በሳምንቱ መጀመሪያ ገንዘብ የከፈሉት መምህር በሳምንቱ መጨረሻ እርሳስና ወረቀት ይዞ ሜዳው ዳር ሊቆም ይችላል።

ይህ ጉቦ ነው? አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። መምህሩ ሐቀኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያስተማረው እርምጃ ለዓይኑ ያምራል፤ ራሱ የቀረጸው ነውና። ተማሪው ካሸነፈ ደግሞ ሌላ ተማሪ ይመጣለታል። ሐቀኛ ሆኖ ሳለ ያዳላል፤ ማዳላቱንም አያውቀውም። የከፋው ውጤት ሌላ ነው። ገንዘብ የሌላቸው ጥንዶች ማየት የሚጀምሩት ትምህርት እንደ መማሪያ ሳይሆን እንደ መግቢያ ክፍያ ይሆናል። «ከእገሌ ካልተማርን ፍጻሜ አንገባም» የሚል እምነት ከሰፈነ፣ እምነቱ ሐሰት ቢሆን እንኳ ጉዳቱ እውነት ነው።

የስኬቲንግ ሥርዓቱ ይህን አይፈታውም። እሱ የተሠራው ለብቸኛ አድሏዊ ዳኛ ነው። ከሰባት ዳኞች አራቱ ያንኑ ጥንድ አስተምረው ከሆነ ሒሳቡ አብላጫውን አይቶ ያጸድቃል።

«ታዲያ የሚያስተምሩትን ብናባርር የሚዳኝ አዋቂ ከየት ይመጣል?» የሚል መልስ ይሰጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዳንስ የማያውቅ ሰው ዳንስ ሊዳኝ አይችልም። ግን መፍትሔው ማባረር አይደለም። ማሳወቅና መነሳት ነው። በአገራችን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕግ ዳኛ ከተከራካሪ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሳል። ሌባ ነው ስለተባለ አይደለም፤ ፍርዱ እንዲታመን ነው። የዳንስ ዳኛም «ይህን ጥንድ ዘንድሮ አስተምሬያለሁ» ብሎ ቢያስመዘግብ፣ እነሱ በሚወጡበት ዙር ሌላ ሰው ቢተካው ማንም አይሰደብም።

◆ ሦስቱ ጥያቄዎች

ከኦስሎ እስከ ፒዮንግቻንግ ያለውን ስናጠቃልለው፣ ሰዎች አድልዎን በሒሳብ ለማሸነፍ ሲሞክሩ ኖረዋል። የአገር ኮታ፣ አብላጫ ድምፅ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛውን መጣል። ሁሉም ጠቅመዋል፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አልበቁም። ሒሳብ የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሰው አይደለም።

ሰውየውን ለማየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ማን ሾመው? ማን ያበላዋል? ከፍርዱ ሥር ስሙ አለ?

እነዚህ ጥያቄዎች ለዳንስ ብቻ አይደሉም። የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ኮሚቴ፣ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሚሰጥ ቡድን፣ የድምፃውያን ውድድር የሚዳኝ ሰው፣ ጨረታ የሚገመግም ቢሮ፣ ሁሉም ሰዓት በማይፈርድበት ቦታ የተቀመጡ ናቸው። «ኮሚቴው ወስኗል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንቴ ሰምተናል? ኮሚቴ እጅ የለውም፤ የሚፈርም ሰው ነው። «ዳኞቹ እንዳይጨናነቁ ስማቸውን አንገልጽም» ሲባል ብዙዎቻችን ለጥንቃቄ የተደረገ መስሎን እናልፈዋለን። ስኬቲንግ ያንኑ ጥንቃቄ ከአሥር ዓመት በላይ ሞክሮት ነው የተወው።

አንድ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ በየማለዳው እየተነሳ የሚለማመደው አራት ደቂቃ ለማትሞላ ዳንስ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ቁጥር የሚጠቀልልለት ሰው ከቁጥሩ ጎን ስሙን ቢጽፍ በዛበት?